እድር የወለዳት ቤተ ክርስቲያን

(የእድራችን ጸሐፊ በወርኀዊው ስብሰባ ላይ ያሰማው ንግግር ነው። በዕለቱ በሥራ ምክንያት ያልተገኙ አባላት እንዲያነቡት በሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።)



ሰብሳቢያችን የመናገሪያ ጊዜ ሲሰጡኝ “አደራ፣ አታርዝመው” ብለውኛል። እሞክራለሁ። ነገር ግን የያዝኩት ጉዳይ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ጀምሮ በእኛው መዝገብ ላይ የሚያልቅ ስለሆነ ትንሽ ታገሡኝ።

ብዙዎቻችን ታክሲ ስንነዳም ሆነ ወደ ሥራ ስንሄድ በላንካስተር ጎዳና በኩል ወደ ኦቨርብሩክ እናልፋለን። እዚያ አንዲት ቤተ ክርስቲያን አለች። ስሟ የቅዱስ ቶማስ አፍሪካዊት ኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን ይባላል። ኤፒስኮፓል ማለት በጳጳስ የምትመራ ማለት ሲሆን፣ አሜሪካ ከእንግሊዝ ነፃ ስትወጣ ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ተለይታ በራሷ የቆመች ናት። እኔ ለብዙ ጊዜ “አፍሪካዊት” የሚለውን ሳነብ እንደኛው በቅርብ የመጡ ስደተኞች ያቋቋሟት ይመስለኝ ነበር።

አንድ እሑድ በዕድሜ የገፉ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት እናት ታክሲዬ ውስጥ ገብተው ወደዚያው አደረስኳቸው። በመንገድ ላይ “ይህች ቤተ ክርስቲያን መቼ ተሠራች?” ብዬ ብጠይቃቸው፣ “እኛ የጀመርነው ከቤተ ክርስቲያን አይደለም፤ በማኅበር ነው። የታመመ ለመርዳት፣ የባል የሞተባትን ለመደገፍ፣ የሞተ ለመቅበር በየወሩ እያዋጣን ነው” አሉኝ። እኔም በአማርኛ “እድር ነዋ!” አልኩ። እሳቸው አልገባቸውም፤ እኔ ግን ነገሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀኝም። እንግሊዝኛው ለእኔ ስለሚከብድ፣ ልጄ ከቤተ መጻሕፍት እያመጣች አነበበችልኝ፤ እኔም በደብተር ጻፍኩ። ዓመቶቹን ሁሉ የምናገረው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የሚጀምረው አብሳሎም ጆንስ በሚባል ሰው ነው። በ1746 ዓ.ም. በደላዌር በሴሴክስ አውራጃ በባርነት ተወለደ። ልጅ ሳለ ሰዎች የሚሰጡትን ሳንቲም አጠራቅሞ የፊደል መጽሐፍ ገዛ፤ ማንበብንም ያየውን ሁሉ እየለመነ ተማረ። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው ጌታው እናቱን፣ አምስት ወንድሞቹንና አንዲት እህቱን ሸጠ፤ እሱን ብቻ ይዞ ወደዚህ ወደ ፊላደልፊያ መጣ። እዚህም በሱቅ ውስጥ ዕቃ ሲያሽግና ሲሸከም ይውል ነበር። በሱቁ የነበረ ጸሐፊ መጻፍ አስተማረው፤ ኋላም ማታ ማታ ትምህርት ቤት ገባ።

በ1770 እንደሱው በባርነት ያለች ሜሪ የምትባል ሴት አገባ። ታዲያ ነፃነት በገንዘብ ይገዛ በነበረበት ዘመን ይህ ሰው ምን አደረገ መሰላችሁ? የራሱን ትቶ መጀመሪያ የሚስቱን ነፃነት ገዛ። ምክንያቱም በጊዜው ሕግ ልጅ የእናቱን ዕጣ ይከተል ስለነበር፣ እናቲቱ ነፃ ከሆነች የሚወለዱት ልጆች ነፃ ይሆናሉ። ገንዘቡን ከደግ ሰዎች በልመናና በብድር አግኝቶ፣ ዕዳውን ለመክፈል ሁለቱም እስከ እኩለ ሌሊት እየሠሩ ጨረሱት። እሱ ራሱ ነፃ የወጣው በ1784 ነው። ያውም ጌታውን ስንት ጊዜ ለምኖ።

ጓደኛው ሪቻርድ አለን ይባላል። እሱም ባሪያ ሆኖ ተወልዶ ነፃነቱን በገንዘቡ የገዛ፣ የሜቶዲስት ሰባኪ ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ሌሎች ስድስት ጨምረው፣ ስምንት ሆነው፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1787 አንድ ማኅበር አቋቋሙ። ስሙንም የነፃ አፍሪካውያን ማኅበር አሉት። የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ያረቀቀው ጉባኤ በዚሁ ከተማ የተከፈተው ከዚያ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ነው።

ደንባቸውን ልጄ ስታነብልኝ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የእኛን የእድር ደንብ የምታነብልኝ መሰለኝ። እያንዳንዱ አባል በወር አንድ የብር ሽልንግ ያዋጣል። በአገራችን ሽልንግ ስንል ሃምሳ ሳንቲም ማለታችን ነው፤ የእነሱ ግን ከፓውንድ አንድ ሃያኛ ነው፤ አሥራ ሁለት ፔኒም ይወጣዋል። ስብሰባ የቀረ ሦስት ፔኒ ይቀጣል። ሰካራምና ሥርዓት የሌለው አባል አይሆንም። አንድ ዓመት ያዋጣ አባል ቢቸገር፣ ችግሩ በራሱ ስንፍና የመጣ ካልሆነ፣ በሳምንት ሦስት ሽልንግ ከዘጠኝ ፔኒ ይሰጠዋል። አባል ሲሞት ሚስቱ ሌላ ባል እስካላገባች ድረስ ትረዳለች። ልጆቹም በነፃ የሚማሩበት ካላገኙ ማኅበሩ ያስተምራቸዋል፤ እጃቸውም ሙያ እንዲይዝ ከባለሙያ ዘንድ ያስገባቸዋል። ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ያደረጉት ደግሞ ኩዌከር ከሚባሉት ሃይማኖተኞች አንዱን ነው። ኩዌከሮች ባርነትን የሚቃወሙ ነጮች ነበሩ።

እዚህ ላይ እንደ ጸሐፊነቴ አንድ ሒሳብ ሠራሁ። አንድ አባል በዓመት የሚያዋጣው አሥራ ሁለት ሽልንግ ነው። ቢታመምና በየሳምንቱ ቢረዳ፣ የዓመት መዋጮው ከሦስት ሳምንት ትንሽ በልጦ ያልቃል። ቀሪውን የሚሸፍነው ማነው? ጤነኛው ነው። እነዚያ ሰዎች ዕቃ ተሸካሚ፣ ጫማ ሰሪ፣ የሰው ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ብዙዎቹ ትናንት ከባርነት የወጡ ናቸው። ሆኖም “ገንዘቡ ያልቅብናል” ብለው እርዳታውን ለሞት ብቻ አላስቀመጡትም።

ማኅበሩ ቤተ ክርስቲያን የሆነው እንዴት ነው? በከተማው በቅዱስ ጊዮርጊስ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ጥቁሮችና ነጮች አብረው ይጸልዩ ነበር። ጥቁሮቹ ለሰገነቱ ሥራና ለወለሉ ንጣፍ ገንዘብ አዋጥተዋል። ሥራው ባለቀ ጊዜ ግን “እናንተ ላይ ሰገነቱ ላይ ተቀመጡ” ተባሉ። አንድ ቀን ጸሎት ላይ ተንበርክከው ሳለ አንድ ኃላፊ መጥቶ አብሳሎም ጆንስን ከጉልበቱ ሊያነሳው ጎተተው። እሱም ጸሎቱ እስኪያልቅ ታገሠኝ አለው፤ አልታገሠውም። ጸሎቱ ሲያበቃ ሁሉም በአንድነት ተነሥተው ወጡ። ሪቻርድ አለን ይህ የሆነው በ1787 ነው ብሎ ጽፏል፤ ዛሬ ያሉ የታሪክ ሰዎች ግን በ1792 ገደማ ነው ይላሉ።

ከዚያ ወዲያ የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ለመሥራት ተነሡ። ቦታ በአምስተኛው መንገድ ላይ ገዙ። ቤንጃሚን ረሽ የተባለው ስመ ጥር ሐኪም ገንዘብ በማሰባሰብ ረዳቸው። በነሐሴ 1793 ጣሪያው ሲቆም ከዛፍ ሥር ግብዣ ተደረገ። በመጀመሪያ ነጮቹ አናጢዎች ተቀምጠው ጥቁሮቹ አስተናገዱ፤ ቀጥሎ ጥቁሮቹ ተቀምጠው ነጮቹ አስተናገዱ። በባርነት አገር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ምን ያደርጋል፣ ደስታው ሳያልቅ መዓት መጣ። በዚያው ወር ቢጫ ወባ የሚባለው በሽታ ከተማውን መታው። ከሃምሳ ሺህ ገደማ ሕዝብ ወደ አምስት ሺህ የሚሆነው በጥቂት ወራት ውስጥ አለቀ። ባለጸጋው ሸሸ፤ ባል ሚስቱን፣ እናት ልጇን እየጣለች ሄደች። በዚያን ጊዜ ሐኪሞቹ “ይህ በሽታ ጥቁር አይዝም” ብለው ያምኑ ነበርና፣ የከተማው ጥቁሮች በሽተኛ እንዲያስታምሙ ተለመኑ። እምነቱ ስሕተት ነበር። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗ የተረጋገጠው በ1900 ነው። ትንኝ ደግሞ ቀለም አትመርጥም።

የማኅበሩ ሰዎች ተሰበሰቡና ግዴታችን ነው ብለው ተስማሙ። ጆንስና አለን መጀመሪያ የገቡበት ቤት ሚስቲቱ ሞታ፣ ባልየው እያጣጣረ፣ ሁለት ሕፃናት ብቻቸውን ተቀምጠው አገኙ። በዚያው ቀን ከሃያ በላይ ቤት ጎበኙ። ከዚያ በኋላ በሽተኛ ማስታመም፣ ሬሳ መገነዝ፣ ሣጥን ማዘጋጀት፣ በጋሪ ወስዶ መቅበር ሥራቸው ሆነ። ልብ በሉልኝ፣ የሚቀብሩት አባላቸውን አልነበረም። ያ ከጉልበታቸው ያስነሣቸው ሕዝብ ነው።

በሽታው ካበቃ በኋላ ማቲው ኬሪ የሚባል አሳታሚ፣ አንዳንድ ጥቁር አስታማሚዎች ከበሽተኛ ብዙ ገንዘብ እየጠየቁ ዘረፉ ብሎ መጽሐፍ አወጣ። ጆንስና አለን ስድብ በስድብ አልመለሱም፤ በ1794 መልሳቸውን አሳትመው ሒሳባቸውን በአደባባይ ዘረጉ። እኔ ጸሐፊ ስለሆንኩ ይህን ሒሳብ ብዙ ጊዜ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። የተቀበሉት ገንዘብ 233 ፓውንድ ከ10 ሽልንግ ከ4 ፔኒ ነው። ያወጡት ደግሞ፣ ክፍያ ላልተገኘበት የሬሳ ሣጥን 33 ፓውንድ፣ ለአምስት ቅጥር ሠራተኞች ደመወዝ 378 ፓውንድ፣ በድምሩ 411 ፓውንድ ነው። ስለዚህ 177 ፓውንድ ከ9 ሽልንግ ከ8 ፔኒ ከኪሳቸው ከሰሩ። ሳንቲም አልተሳሳቱም፤ ደምሬ ቀንሼ አረጋግጫለሁ። ከዚህም ሌላ በመቶ የሚቆጠሩ ድሆችንና እንግዶችን ያለ ዋጋ እንደቀበሩ ጽፈዋል። የቀብር መዝገቡንም ጠቅሰው፣ በ1792 የሞቱት ጥቁሮች 67 ሲሆኑ በ1793 ግን 305 መሆናቸውን አሳዩ። በሽታው አይዛቸውም የተባሉት እነዚሁ ናቸው።

ቤተ ክርስቲያኒቱ ሐምሌ 17 ቀን 1794 ተከፈተች። የየትኛው ሃይማኖት እንሁን በሚለው ላይ ተለያይተው ነበር። አለን ሜቶዲስት ሆኜ እቀራለሁ ብሎ በዚያው ወር ቤቴል የምትባለውን ከፈተ፤ አብዛኞቹ ግን ከኤፒስኮፓል ጋር ሆኑ፤ ጆንስንም መሪያቸው አደረጉ። በሃይማኖት ቢለያዩም ሁለቱ ወዳጆች ያንን የመልስ መጽሐፍ ያሳተሙት አንድ ላይ ነው። ይህን የምናገረው በእኛ እድር ውስጥ ኦርቶዶክስም፣ እስላምም፣ ጴንጤም ስላለ ነው። ከዚህ በፊት በሃይማኖት ነገር ጭቅጭቅ የተነሣበትን ስብሰባ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ።

አብሳሎም ጆንስ በ1795 ዲቁና ተቀበለ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ቅስና ተቀበለ። በአሜሪካ ኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው ጥቁር ቄስ ነው። ቄስ ሆነዋልና ከዚህ በኋላ አንቱ ልበላቸው። ይሁንና ቤተ ክርስቲያኒቱ የተቀበሏት በሙሉ ልብ አልነበረም። በጳጳሱ ጉባኤ ላይ ተወካይ እንዳትልክ ተከለከለች። ክልከላው ሳይነሣ ወደ ሰባ ዓመት ገደማ ቆየ። እነሱ ግን በር ተዘጋብን ብለው ሥራቸውን አላቆሙም። ሴቶቹ የራሳቸው መረዳጃ ማኅበር ነበራቸው፤ ወንዶቹም እንዲሁ። ለልጆች ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1799 ቄስ ጆንስና ሌሎች የፊላደልፊያ ጥቁሮች ነፃ ሰዎች እየተጠለፉ እንዳይሸጡ ለአሜሪካ ምክር ቤት አቤቱታ ፈርመው አቀረቡ። ጥር 1 ቀን 1808 ባሪያ ከውጭ አገር ማስገባት በሕግ ሲከለከል፣ በዚሁ ቤተ ክርስቲያን የምስጋና ስብከት ሰጡ።

ቄስ አብሳሎም ጆንስ የካቲት 13 ቀን 1818 አረፉ። ዛሬ ያ ቀን በኤፒስኮፓል የዘመን አቆጣጠር ውስጥ የመታሰቢያቸው ዕለት ነው። አስከሬናቸው ግን ብዙ ተንከራተተ። መጀመሪያ በቤተ ክርስቲያናቸው ግቢ፣ ቀጥሎ ሌባነን በሚባል መቃብር፣ ቀጥሎ ከከተማው ውጭ ኤደን በሚባል መቃብር ዐርፈዋል። በ1991 አጽማቸው ተነሥቶ፣ አመዱ አሁን በላንካስተር ጎዳና ባለችው ቤተ ክርስቲያን፣ በስማቸው በተሰየመው መሠዊያ ውስጥ ተቀመጠ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷም ምእመናኗ ሠፈር በለወጡ ቁጥር አብራ እየለወጠች ነው ከአምስተኛው መንገድ ወደ እኛ ወደ ምዕራቡ ሠፈር የደረሰችው። በድሮው ቦታዋ ላይ የታሪክ ሰሌዳ ቆሟል፤ መንገደኛ ስታደርሱ ቆም ብላችሁ እዩት።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ይህን ሁሉ ያወራሁት ታሪክ ለማስተማር አይደለም፤ መምህርም አይደለሁም።

ባለፈው ዓመት አንድ ወንድማችን ዐርፎ ሁላችንም አልቅሰን ቀብረነዋል። በአሥር ቀን ውስጥ ያዋጣነውን ታውቃላችሁ፤ አስከሬኑ አገር ቤት ገብቶ እናቱ አጠገብ ተቀብሯል። ለዚህ ማንም አይወቅሰንም። ነገር ግን ያ ሰው ከመሞቱ በፊት አራት ወር ተኝቷል። ታክሲውን ማሽከርከር አልቻለም፤ የቤት ኪራይ ተጠራቅሞበታል። ማን ያውቅ ነበር? እኔ ማወቅ ነበረብኝ። ምክንያቱም መዋጮው መቅረቱን በመዝገብ የማየው እኔ ነኝ። ሦስት ወር ሲሞላ ምን አደረግሁ? በደንባችን አንቀጽ መሠረት “ውዝፍዎን ካልከፈሉ ከአባልነት ይሰረዛሉ” የሚል ደብዳቤ ጻፍኩለት። ደብዳቤውን በእጄ ነው በፖስታ ያስገባሁት። ሲሞት ቤቱን ስናጸዳ ሳይከፈት ከትራሱ አጠገብ አገኘሁት። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

የእነዚያ ሰዎች ደንብም የሦስት ወር ውዝፍ ይሰርዛል። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? መጀመሪያ ለሰውየው ይነገረዋል፤ በቂ ምክንያት እንዳለው ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚሰረዘው። ስብሰባ ለቀረም ሦስት ፔኒ ሲቀጡ በሽተኛን አይጨምሩም። ማለትም መዋጮ ሲቀር የመጀመሪያ ጥያቄያቸው “ምን ሆነ?” የሚል ነበር። የእኛ ግን “ስንት ቀረበት?” የሚል ሆኗል። የእኔም እንደዚያ ነበር።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ስብሰባ ሁለት ሐሳብ ለድምፅ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የማንም አባል መዋጮ ሁለት ወር ከቀረ፣ ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት ሁለት ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ በር እንዲያንኳኳ። ይህ ገንዘብ አያስወጣም፤ እግር ብቻ ነው የሚጠይቀው። ሁለተኛ፣ አንድ ዓመት የሞላው አባል ታሞ ከሥራ ቢውል፣ ከመዋጮው ላይ ለሕያው የሚሆን አነስተኛ ድጎማ በየሳምንቱ እንዲሰጠው። መጠኑን ገንዘብ ያዣችን ካሰሉ በኋላ እናንተ ትወስናላችሁ። “ገንዘቡ ለሬሳ ይጎድላል” የሚል ወገን እንዳለ አውቃለሁ፤ ሥጋቱም ትክክል ነው። መዋጮው ትንሽ ከፍ ማለት ሊኖርበት ይችላል። ይህን ሳልደብቅ እናገራለሁ፤ ተከራክረን እንወስን።

ያቺ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ቆማለች፤ መሠረቷ የወር አንድ ሽልንግ ነው። ሽልንጉን ያዋጡት ሰዎች አስቀድመው ያሰቡት ለበሽተኛው፣ ለመበለቲቱና ለልጁ ነበር፤ መቅበሩንም አልተዉም። እኛ መቅበሩን እናውቅበታለን። ማስታመሙን ደግሞ እንጨምርበት ነው የምለው።



ማሳሰቢያ፦ በሁለቱ ሐሳቦች ላይ ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው ወርኀዊ ስብሰባ ነው። በአካል መገኘት የማይችል አባል ሐሳቡን በወረቀት ጽፎ ከሰሌዳው ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ ይክተት። የታመመ ሰው የምታውቁ ግን ስብሰባውን አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ንገሩን።

የእድሩ ጸሐፊ